የተገለበጠ ፔንዱለምን መቆጣጠር፦ ከእኩልታው እስከ ምርምር ጥያቄው

በኖንሊኒየር ቁጥጥር (እኩልታቸው ሊኒየር ያልሆነ ሲስተሞችን በመቆጣጠር) ላይ ምርምር የሚጀምሩ ብዙዎች መጀመሪያ መሣሪያ ይመርጣሉ፤ ስላይዲንግ ሞድ፣ ባክስቴፒንግ ወይም ኒውራል ኔትወርክ። ከዚያ መሣሪያው የሚሞከርበት ሲስተም ፍለጋ ይወጣሉ። ይህ መመሪያ መንገዱን ከሌላው ጫፍ ይጀምራል። አንድ ትንሽ ሲስተም፣ በሞተር ወደ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚያዝ ዘንግ (የተገለበጠ ፔንዱለም) ይዘን፣ «ይረጋጋል» ከማለታችን በፊት ከየትኛው መነሻ፣ በምን ያህል የሞተር አቅምና በምን ያህል መዘግየት እንደሚረጋጋ እየለካን እንሄዳለን። በእኔ እይታ የዘርፉ ከባዱ ሥራ ተቆጣጣሪውን መፍጠሩ ላይ አይደለም፤ የሚሠራበትን ድንበር ማወቁ ላይ ነው።

ለመከተል ዲፈረንሺያል እኩልታ ማንበብ፣ የሁለት በሁለት ማትሪክስ አይገንቫልዩ ማውጣትና በፓይተን ወይም በማትላብ አጭር ፕሮግራም መጻፍ ይበቃል። ቁጥሮቹን ሆን ብዬ በእጅ እንዲወጡ አድርጌ ስለመረጥኳቸው ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁኝ አስሉ።

ደረጃ 1፦ ሞዴሉን ጻፉ፣ ዩኒቶቹን አስወግዱ

ክብደቱ ችላ የሚባል ዘንግ ጫፉ ላይ አንድ ቁስ ይዟል፤ ሌላው ጫፉ ከሞተር ጋር ተያይዟል። ማዕዘኑን የምንለካው ዘንጉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆምበት አቅጣጫ ነው። የኒውተንን ሕግ ጽፈን ዩኒቶቹን ስናስወግድ የሚቀረን ይህ ነው፦

ሽምጠጣ = ሳይን(ማዕዘን) − ሰበቃ × ፍጥነት + ቶርክ

ዩኒት ለማስወገድ የዘንጉን ርዝመት ለመሬት ስበት ሽምጠጣ አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ ጊዜ የሚካፈለው ለዚህ ቁጥር ነው። ቶርክ ደግሞ ለመጠነ ቁስ፣ ለስበት ሽምጠጣና ለርዝመት ብዜት ይካፈላል። ዘንጉ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ የጊዜ አሃድ 0.175 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ቶርክ 1 ማለት ዘንጉን አግድም ይዞ ለማቆየት በትክክል የሚበቃ ቶርክ ነው። መጠነ ቁስ፣ ርዝመት፣ ስበት፣ ሰበቃና የሞተር አቅም የነበሩት አምስት ቁጥሮች አሁን ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ሰበቃና የቶርክ ጣሪያ። ይህን ሳያደርጉ የሚጀመሩ ሥራዎች ብዙ ጊዜ በአንድ መሣሪያ ቁጥሮች ላይ የታሰረ ውጤት ይዘው ይቀራሉ።

እኛ ሰበቃን 0.1፣ የቶርክ ጣሪያን 0.5 እንበል። ሞተራችን ደካማ ነው፤ ዘንጉን አግድም ለመያዝ ከሚያስፈልገው ግማሹን ብቻ ያወጣል። ጨዋታው የሚጀምረውም ከዚህ ድክመት ነው።

ደረጃ 2፦ የሚዛን ነጥቦቹን ሁሉ አውጡ

ፍጥነትንና ሽምጠጣን ዜሮ አድርጉ። ቶርክ ከሌለ የሳይኑ ዋጋ ዜሮ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሁለት ነጥቦች አሉን፣ ላይኛውና ታችኛው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። እናንተ ግን አንድ እርምጃ ጨምሩ፦ ሞተሩ ባለ በሌለ አቅሙ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢጎትትስ? ቶርክ −0.5 ሲሆን ሳይኑ 0.5 የሚሆንባቸው ሁለት ማዕዘኖች ሚዛን ይሆናሉ፤ 30 ዲግሪ እና 150 ዲግሪ። የ30 ዲግሪውን ያዙት፤ ደረጃ 6 ላይ ይፈለጋል።

ደረጃ 3፦ ሊኒየር አድርጉ፣ ግን ፈቃዱን ሳታልፉ

ላይኛው ነጥብ አጠገብ ሳይን(ማዕዘን) በማዕዘኑ ራሱ ይተካል። ቶርክ ሳይኖር አይገንቫልዩዎቹ 0.951 እና −1.051 ይሆናሉ። አንዱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ነጥቡ አይረጋጋም። ታችኛው ነጥብ ላይ ግን ጥንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር እናገኛለን፤ ሪያል ክፍላቸው −0.05፣ ኢማጂነሪ ክፍላቸው 0.999 ገደማ ነው። ዘንጉ እየተወዛወዘ በዝግታ ወደ እረፍት ይመለሳል ማለት ነው።

አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ እ.ኤ.አ. በ1892 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ይህን ዓይነት ድምዳሜ መቼ ማመን እንደምንችል አሳይቷል። ሪያል ክፍሎቹ ሁሉ ኔጋቲቭ ከሆኑ ዋናው ኖንሊኒየር ሲስተምም በነጥቡ አካባቢ ይረጋጋል፤ አንዱ እንኳ ፖዘቲቭ ከሆነ አይረጋጋም። ከመካከላቸው አንዱ ዜሮ ሆኖ ፖዘቲቭ ከሌለ ግን ሊኒየሩ ሞዴል ዝም ይላል። ለምሳሌ ለውጡ የቦታው ኩብ ኔጋቲቭ የሆነ ሲስተምና ለውጡ የቦታው ኩብ ራሱ የሆነ ሲስተም ዜሮ ላይ አንድ ዓይነት ሊኒየር ሞዴል አላቸው፤ የመጀመሪያው ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ይሸሻል።

ሁለት ጥንቃቄዎች። አንደኛ፣ ሲስተሙ በጊዜ የሚለዋወጥ ከሆነ አይገንቫልዩዎቹን በየቅጽበቱ አስልቶ «ሁሉም ኔጋቲቭ ናቸው» ማለት አይበቃም፤ የአይገንቫልዩዎቹ ሪያል ክፍል ሁልጊዜ −0.25 ሆኖ መፍትሔው ግን በኤክስፖኔንሻል የሚያድግ ባለ ሁለት ተለዋዋጭ ምሳሌ በሰፊው ይታወቃል። ሁለተኛውና ለእኛ የሚበልጠው፣ «በነጥቡ አካባቢ» የሚለው ስፋቱን አይነግረንም። አንድ ዲግሪ ሊሆን ይችላል፣ መቶም ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ሥዕሉን ሣሉ

ማዕዘኑን በአግድም፣ ፍጥነቱን በቁመት አድርጋችሁ የእንቅስቃሴዎቹን መስመሮች ሣሉ። ሄንሪ ፖንካሬ በ1880ዎቹ ያስለመደው አካሄድ ይኸው ነው፤ መፍትሔውን በፎርሙላ ከማሳደድ ቅርጹን ማየት። የግራና የቀኝ ጠርዞቹ አንድ እንደሆኑ አትርሱ፤ 180 ዲግሪና −180 ዲግሪ አንድ ቦታ ናቸው፣ ስለዚህ ወረቀቱ ሲጠቀለል ሲሊንደር ይሆናል። ይህ ዝርዝር ደረጃ 7 ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ሦስተኛ ተለዋዋጭ ከተጨመረ ሥዕሉ ብቻውን አይበቃም፤ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 ያሳየው ኬዮስ የተነሣው ከሦስት እኩልታዎች ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ የሊያፑኖቭ ፈንክሽን ፈልጉ

የሊያፑኖቭ ፈንክሽን የምንለው ሚዛን ነጥቡ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው፣ ሲስተሙ ሲንቀሳቀስ ደግሞ የማይጨምር ፈንክሽን ነው። መጀመሪያ መሞከር ያለበት ጉልበት ነው፤ የተወሳሰበ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሩ። የእኛ ሲስተም ጉልበት ይህ ነው፦

ጉልበት = ፍጥነት² ÷ 2 + ኮሳይን(ማዕዘን)

ዘንጉ ታች ላይ በእረፍት ሲሆን ጉልበቱ −1፣ ላይ ላይ በእረፍት ሲሆን 1 ነው። በጊዜ ዲፈረንሺየት አድርጋችሁ የሽምጠጣውን እኩልታ ስትተኩ ሳይኖቹ ይጠፋፉና የጉልበት ለውጥ ፍጥነት × ቶርክ ሲቀነስ ሰበቃ × ፍጥነት² ይሆናል። ቶርክ ከሌለ ጉልበቱ ፈጽሞ አይጨምርም።

ግን ፍጥነቱ ዜሮ በሆነበት ቅጽበት ሁሉ ለውጡም ዜሮ ስለሚሆን የሊያፑኖቭ መሠረታዊ ቲዎረም «አይርቅም» እንጂ «ይመለሳል» ለማለት አያበቃንም። እዚህ ጋ የሚያስፈልገው የላሳል መርህ ነው፤ በምሥራቁ ባርባሺንና ክራሶቭስኪ በ1952፣ በምዕራቡ ላሳል በ1960 የደረሱበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፍጥነቱ ለዘለቄታው ዜሮ ሆኖ መቆየት የሚችለው የት ነው? ሚዛን ነጥቦቹ ላይ ብቻ። ጉልበቱ ከ1 በታች ከሆነ ደግሞ ላይኛው ነጥብ ከጨዋታው ውጭ ነው። ስለዚህ ከ1 ባነሰ ጉልበት የሚጀምር ሁሉ ወደ ታችኛው ነጥብ ይመለሳል። ወደ ቁጥር ስንለውጠው፣ ታች ላይ ሆኖ ከ2 ባነሰ ፍጥነት የተገፋ ዘንግ ሙሉ ዙር ሳይዞር ይረጋጋል።

ይህ የመጀመሪያው የመመለሻ ክልላችን ነው፤ ከውስጡ የሚነሣ ሁሉ ወደ ሚዛን ነጥቡ ይመለሳል። ክልሉ ትክክለኛው ድንበር አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ከዚያ በላይ ጉልበት ይዞ የጀመረም ጥቂት ዙር ዞሮ በሰበቃ ሊረጋጋ ይችላል። የሊያፑኖቭ ፈንክሽን የሚሰጠው ዋስትና ነው፤ ከክልሉ ውጭ ስላለው ምንም አይናገርም። ጉልበት የሌለው ረቂቅ ሲስተም ሲገጥማችሁ ከሊኒየሩ ሞዴል የሚገኝ ኳድራቲክ ፈንክሽን ጀማሪ ይሁናችሁ፤ እኩልታዎቹ ፖሊኖሚያል ከሆኑ ደግሞ ከ2000 ወዲህ የተስፋፋው የስኩዌሮች ድምር ዘዴ (ፖሊኖሚያሉ ኔጋቲቭ አለመሆኑን እንደ ስኩዌሮች ድምር በመጻፍ የሚያረጋግጥ) ፈንክሽኑን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈልገው ያደርጋል።

ደረጃ 6፦ ተቆጣጣሪውን ሥሩ፣ ጣሪያውን ግጠሙ

አሁን ዘንጉን ላይ ማቆም እንፈልጋለን። ለጊዜው ሰበቃን ትተን፣ ማዕዘኑንም በራዲያን ለክተን ይህን እንሞክር፦

ቶርክ = −3 × ማዕዘን − 2 × ፍጥነት

የሊኒየሩ ሞዴል አይገንቫልዩዎች ሪያል ክፍላቸው −1፣ ኢማጂነሪ ክፍላቸው ደግሞ በአንዱ 1 በሌላው −1 ይሆናል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሊኒየሩ ሞዴል ብቻውን ቢጠየቅ ከየትም ተነሥቶ ይመለሳል ይላል።

አሁን ዘንጉን 40 ዲግሪ ላይ በእረፍት አስቀምጡት። ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ቶርክ 2.1 ገደማ ነው፤ ሞተሩ የሚሰጠው 0.5። ስበቱ ደግሞ በ0.643 ወደ ታች ይጎትታል፣ የ40 ዲግሪ ሳይን ነውና። ዘንጉ ይወድቃል። የኔ ተቆጣጣሪ ደካማ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ማንኛውም ተቆጣጣሪ፣ በየትኛውም ቲዎሪ የተሠራ ቢሆን፣ እዚያ ላይ በቀጥታ መመለስ አይችልም። ሳይኑ ከ0.5 በላይ በሆነበት ሁሉ እንዲሁ ነው። የተስፋው ድንበር በእረፍት ለሚጀምር ዘንግ ልክ 30 ዲግሪ ነው፤ ደረጃ 2 ላይ ያስቀመጥነው ነጥብ።

ሊኒየሩን ሞዴል ከጣሪያው ጋር አብራችሁ ብትወስዱት ምን ይላል? ማዕዘንና ፍጥነትን ደምሩና ድምሩን አንድ ተለዋዋጭ አድርጉት። የዚህ ድምር ለውጥ ራሱ ድምሩ ሲደመር ቶርክ ሆኖ ይወጣል። ቶርኩ ከ0.5 ስለማያልፍ ድምሩ አንዴ 0.5 ከደረሰ የሚመልሰው የለም። በእረፍት ለሚጀምር ዘንግ ይህ 0.5 ራዲያን ነው፣ ማለትም 28.6 ዲግሪ፤ ከትክክለኛው ድንበር በ1.4 ዲግሪ ብቻ ያነሰ። ጥፋቱ ሊኒየር ማድረጉ ላይ አልነበረም፤ ጣሪያውን መርሳቱ ላይ ነበር። ኖንሊኒየር ሲባል ብዙዎች ሳይኑንና ኩቡን ያስባሉ፤ በተግባር ግን ሰው የሚጎዳው ኖንሊኒየሪቲ አብዛኛውን ጊዜ የአንቀሳቃሹ አቅም ጣሪያ ነው። በ1993 ስቶክሆልም ላይ በትርኢት በረራ የወደቀው ግሪፐን ተዋጊ አውሮፕላንም ታሪኩ ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ የክንፍ መሪዎቹ መንቀሳቀስ የሚችሉበት ፍጥነት ጣሪያ ነክቶ የአብራሪው ትእዛዝና የአውሮፕላኑ ምላሽ ተለያዩ።

ደረጃ 7፦ ከክልሉ ውጭ ላለው ሌላ ተቆጣጣሪ

ከ30 ዲግሪ ውጭ የቀረው ዘንግ ተወዛውዞ ነው የሚወጣው። ካርል አስትሮምና ካትሱሂሳ ፉሩታ በ2000 ባሳተሙት ሥራ የታወቀው መንገድ ጉልበትን መቆጣጠር ነው፦

ቶርክ = −ኬ × (ጉልበት − 1) × ፍጥነት

ኬ እኛ የምንመርጠው ፖዘቲቭ ቁጥር ነው። ጉልበቱ ከ1 ሲያንስ ሞተሩ ከእንቅስቃሴው ጋር ይገፋል፤ ሲበዛ ይቃወማል። ስንት ውዝዋዜ ያስፈልጋል? ሰበቃ ከሌለ ስሌቱ የአንድ መስመር ነው፤ የሞተሩ ሥራ ቶርክ ሲባዛ የተጠራቀመው ማዕዘን ነውና። በሙሉ አቅሙ ከታች ወደ አንድ ጎን የተገፋ ዘንግ 63 ዲግሪ ገደማ ወጥቶ ይቆማል። እዚያ ላይ ሞተሩ አቅጣጫ ቢቀይር በሌላው ጎን እስከ ላይ የሚያደርስ ጉልበት ተርፎ ይገኛል። ሳይወዛወዝ በአንድ ግፊት ለመውጣት ግን ቶርኩ ከ0.725 ገደማ በላይ መሆን አለበት።

ወጥመዶች አሉ። ዘንጉ ታች ላይ በፍጹም እረፍት ካለ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ቶርኩም ዜሮ ነው፤ ትንሽ መነካካት ይፈልጋል። ሰበቃው ደግሞ ስውር ስህተት ይፈጥራል። የጉልበቱን ለውጥ እንደገና አስሉት፤ ጉልበቱ የሚያርፈው 1 ላይ ሳይሆን 1 ሲቀነስ ሰበቃ ሲካፈል ለኬ ላይ ነው። ኬ 1 ከሆነ 0.9 ላይ ይቆማል፣ ዘንጉም ከጫፍ 25.8 ዲግሪ ሲቀረው ይመለሳል። ከ30 በታች ስለሆነ የደረጃ 6 ተቆጣጣሪ ሊይዘው ይችላል። ኬ 0.5 ከሆነ ግን 0.8 ላይ ይቆማል፤ የቀረው 36.9 ዲግሪ ነው፣ መያዣው ክልል ውስጥ አይገባም፣ ዘንጉም ሲወዛወዝ ይኖራል። መድኃኒቱ ኬን ማሳደግ ወይም የጉልበት ግቡን ከ1 በላይ ማድረግ ነው። ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች የሚገናኙት በእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው፤ አንዱ የሚያደርስበት ሌላው የሚቀበልበት ውስጥ መውደቁን አረጋግጡ። መቀያየሪያውን አንድ መስመር ላይ አታድርጉት፤ ለመግባት ጠባብ፣ ለመውጣት ሰፊ ክልል ስጡት፣ አለበለዚያ ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ጫጫታ ብቻ ወዲያና ወዲህ ያቀያይረዋል።

ለምን ሁለት ተቆጣጣሪ? አንድ ለስላሳ ቀመር ከየትኛውም መነሻ ዘንጉን ላይ ማቆም አይችልም ወይ? አይችልም፣ ሞተሩ ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን። በተከታታይ (ድንገት በማይዘል) ፊድባክ፣ ማለትም ከተለካው ማዕዘንና ፍጥነት በሚሰላ ቶርክ፣ የሚረጋጋ ነጥብ የመመለሻ ክልል ቅርጹ እንደ ተዘረጋ ወረቀት መሆን አለበት፤ የእኛ ሁኔታዎች የሚኖሩት ግን ሲሊንደር ላይ ነው፣ ሲሊንደር ደግሞ ሳይቀደድ ወረቀት አይሆንም። ብሀትና በርንስታይን በ2000 ይህን ለማንኛውም የሚሽከረከር አካል አሳይተዋል። መቀያየር እንግዲህ የጂኦሜትሪው ግዴታ ነው።

ደረጃ 8፦ ሲሙሌሽኑን አትመኑት፣ ፈትኑት

ቶርክንና ሰበቃን ዜሮ አድርጋችሁ አሂዱ፤ ጉልበቱ መቀየር የለበትም። በኦይለር ዘዴ 0.01 እርምጃ እየወሰዳችሁ ትንሽ ውዝዋዜን እስከ ጊዜ 100 ብትከተሉ ስፋቱ በ65 በመቶ ገደማ አድጎ ታገኙታላችሁ። ያ ጉልበት ከኮምፒውተሩ እንጂ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም። ከኦይለር ይልቅ ትክክለኛነቱ የሚበልጠውን የአራተኛ ደረጃ ሩንጌ ኩታ ዘዴ ተጠቀሙ፣ እርምጃውን በግማሽ ቀንሳችሁ ውጤቱ እንደማይለወጥ እዩ። ከዚያ በእጅ ያወጣችሁትን ድንበር ፈትኑ፦ በሙሉ ቶርክ ከ29 ዲግሪ የተለቀቀ መመለስ፣ ከ31 ዲግሪ የተለቀቀ መውደቅ አለበት። ካልሆነ ኮዱ ተሳስቷል።

መዘግየቱን የሚረሳ ብዙ ነው። የእኛ 3 እና 2 ያለው ተቆጣጣሪ በሊኒየሩ ሞዴል የሚታገሠው መዘግየት 0.464 የጊዜ አሃድ ነው፤ ለ30 ሳንቲ ሜትር ዘንግ 81 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ማዕዘኑን በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሣ ካሜራ የምትለኩ ከሆነ ሁለት ምስል ብቻ መጠበቅ 67ቱን ሚሊ ሰከንድ ይበላል። ቁጥሮቹን በመቀያየር መዘግየቱን ማራዘም ይቻላል፤ ግን ለዚህ ዓይነት ተቆጣጣሪ መዘግየቱ 1.41 አሃድ ካለፈ የትኛውም ቁጥር አያድንም።

ደረጃ 9፦ ጥያቄውን ቅረጹ

እስካሁን ጣሪያውን ለብቻ፣ መዘግየቱን ለብቻ፣ ሰበቃውን ለብቻ አይተናል። ሦስቱም አንድ ላይ ሲመጡ የመመለሻ ክልሉ ምን ያህል ነው? ይህ በእጅ አይወጣም፤ የምርምር ጥያቄ የሚወለደውም በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ጥያቄያችሁን ስትጽፉ ለየትኞቹ መነሻዎች፣ ለየትኞቹ ፓራሜትሮች፣ ለየትኛው ረብሻ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። ካልገባ ገና አልበሰለም።

ከማረጋገጣችሁ በፊት ለማፍረስ ሞክሩ። አይዘርማን በ1949፣ ካልማን በ1957 የቀረጿቸው ሁለት መላምቶች ማንኛውም መሐንዲስ የሚስማማባቸው ይመስሉ ነበር፤ ኖንሊኒየሪቲው በሁለት መስመሮች መካከል ከታጠረና በመካከላቸው ያሉት ሊኒየር ሲስተሞች ሁሉ ከተረጋጉ፣ ኖንሊኒየሩም ይረጋጋል የሚሉ ዓይነት። ሁለቱም በተቃራኒ ምሳሌ ወድቀዋል። ለእንዲህ ዓይነት ሲስተሞች መረጋጋትን የሚያረጋግጡት የፖፖቭና የክብ መመዘኛዎች ጠንከር ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም። የሌላ ሰው ጽሑፍ ስታነቡም ከቲዎረሙ መደምደሚያ በፊት ቅድመ ሁኔታዎቹን ወስዳችሁ በዚህ ፔንዱለም ላይ ቁጥር አስገቡባቸው። ክልሉ ከአንድ ዲግሪ በታች የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ውጤት ስታቀርቡ የተሳካውን አንድ ግራፍ ሳይሆን የመነሻዎችን ካርታ አሳዩ፤ የተመለሱት በአንድ ቀለም፣ የወደቁት በሌላ፣ በቲዎረም የተረጋገጠው ክልል በላያቸው ተሥሎ። በተረጋገጠውና በታየው መካከል ያለው ክፍተት አንባቢው መጀመሪያ የሚፈልገው ነገር ነው።

ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ለሁለተኛ ልምምድ የቫን ደር ፖልን ኦሲሌተር (ራሱን በራሱ የሚያወዛውዝ የታወቀ ባለ ሁለት ተለዋዋጭ ሲስተም) ጊዜውን ገልብጣችሁ ውሰዱት። መካከለኛው ነጥብ ይረጋጋል፣ የመመለሻ ክልሉም ልክ በሊሚት ሳይክሉ፣ ማለትም ሥዕሉ ላይ ራሱን በሚዘጋው የውዝዋዜ መስመር፣ የታጠረ ነው፤ የኖንሊኒየሪቲው ፓራሜትር 1 ሲሆን የሳይክሉ ስፋት 2 ገደማ ነው። ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ስለሚታወቅ በኳድራቲክ የሊያፑኖቭ ፈንክሽን ያገኛችሁት ክልል የእውነተኛውን ስንት በመቶ እንደሸፈነ መለካት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ፈንክሽኑን ወደ አራተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል አሳድጋችሁ ሽፋኑ በስንት እንደጨመረ እዩ።